በሳሎናችን ወለል ላይ የወረደ መዓት

ጥር 6
ዛሬም ሳሎኑን ወለወልኩ። ምንም ለውጥ የለም... ያው ግራጫ። የቴራዞ ወለሉ የስንት ዓመት ሰም ጠጥቶ ደንዝዟል፤ በሩ አጠገብም ተሰንጥቋል። ወንድሜ ጋሼ መጥቶ ቆሞ አየው። እሱ ቆሞ ነገር ካየ ጉድ ነው።
«ይሄን ይዘን ነው እንግዶቼን የምንቀበለው?»
ልጁ ልታገባ ነው። የሙሽራውን ወላጆች የካቲት ላይ እዚህ፣ እማዬ ቤት፣ ሊጋብዝ ወስኗል። ማንን ጠይቆ?

ጥር 9
የወለል ፖርስሊን ጭኖ መጣ። ነጭ፣ መስታወት የሚመስል። በረንዳው ሞላ። አንዱ ካርቶን ሲወርድ ወድቆ እንክትክቱ ወጣ።
«የድሮው ይፈጫል እኮ» አልኩት። «ላዩ በማሽን ይፋቃል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ነው። አባዬ የድንጋይ ቆራጮች የጣሉትን የእብነበረድ ስብርባሪ ለቃቅሞ ነው ያሠራው። ስንት ዘመን ተረግጦ ይኸው አለ። ፍርስራሹንስ የት ልንደፋው ነው?»
«አንቺ ደግሞ! ቆሻሻ ላይ ነው የምንኖረው በይኛ።»
እማዬን ጠየቅናት። «ወለሉን ተዉት» አለች። ለምን? «ተዉት አልኩ!» በቃ። እሷም እኮ ታናድዳለች... ምክንያቷን ብትነግረኝ እከራከርላት ነበር።

ጥር 13
ከሥራ ስመለስ የሴራሚክ ሠራተኛው ሳሎን መሃል ተንበርክኮ በመሮ ይቆረቁራል። ማጣበቂያው እንዲይዝ ነው አለኝ። ከእማዬ መኝታ ቤት በር እስከ ሳሎኑ መሃል ወለሉ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል። ቴራዞውን የሚከፍለውን ረጅሙን የነሐስ መስመርም ነቅሎ ጥግ ላይ ጥሎታል። እማዬ ጎረቤት አምሽታ በጓሮ በር ገብታ ተኛች፤ አላየችም።
ጋሼ ጋ ደወልኩ።
«ሳልነግራችሁ አላስጀምርም አላልክም?»
«ይኸው ነገርኩሽ።»
ከዚህ ሰው ጋር ምን ይባላል?

ጥር 14
ጠዋት እማዬ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። ሁለት ሦስት እርምጃ... ከዚያ ቆመች። በእግሯ ጣት ወደ ግራ ዳበሰች፣ ወደ ቀኝ ዳበሰች። ጋሼ ሥራውን ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ ነበር።
«እማዬ፣ ምን ጠፋብሽ?»
«መስመሩ።»
«የቱ መስመር?»
«ነሐሱ ነዋ! ከአልጋዬ እስከ ወንበሬ በምን የምሄድ መስሎሃል?»
ሲሚንቶው በጊዜ ብዛት ተበልቶ ነሐሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። እሱን በእግሯ እየተከተለች ነው ለካ ቤቱን የምትዞረው።
«ዓይንሽስ?» አልኳት።
«እሱማ ከከዳኝ ቆየ።»
«ለምን አልነገርሽንም?»
«ብነግራችሁ እጄን ይዛችሁ ልትጎትቱኝ አይደል?»
እንደቆመች ቀረች። እጄን ዘረጋሁላት... መታችው።

ጥር 15
ጋሼ የሴራሚክ ሠራተኛውን አሰናበተ። ከሰዓት ደውሎ «አንድ ሐሳብ መጣልኝ» አለኝ። «ለምን አናስፈጨውም?»
ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ አየሁት።

ጥር 17
ወለል ፈጪው መጣ። ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ነገር ግን እንደዚህ ዓይነት የእብነበረድ ስብርባሪ አሁን የለኝም አለ። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ወደ በረንዳ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ኳ! ኳ! ይሰማል። ብወጣ... ያን የወደቀውን ካርቶን ከፍቶ ፖርስሊኑን በመዶሻ ያደቅቃል። ከነሸሚዙ፣ ከነክራቫቱ።
«ምን ታፈጥጫለሽ? ለቀዳዳዎቹ ይሆናል፤ መጥረጊያ አምጪ!»

ጥር 26
መፍጨት ተጀመረ። ድምፁ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ግራጫ ጭቃ መጋረጃው ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ የእንቅልፍ ልብሴ ኪስ ውስጥ ሳይቀር። እንዴት ኪስ ውስጥ ገባ?
ጭቃው ሲጠረግ ግን... ቀይ፣ አረንጓዴ፣ የወተት መልክ ያለው ድንጋይ። እዚህ ቤት አድጌ ቀለሙን አላውቀውም ነበር።

የካቲት 2
ዛሬ ነሐሱ ሊተከል ነው። ፈጪው «ከወለሉ እኩል ይለሰን፣ ከፍ ካለ ሥራዬ ያሳፍረኛል» አለ። እኔ ከፍ ይበል አልኩ። ጋሼ በመሃል ገብቶ «ሰው ይደነቃቀፋል፣ እንግዶቼ...» ሲል እማዬ ከወንበሯ ጮኸች።
«እንግዳ አንድ ቀን ነው የሚመጣው! እኔ ሁልጊዜ ነኝ!»
ከፍ ብሎ ተተከለ። የጥፍር ውፍረት ያህል።

የካቲት 8
እንግዶቹ መጡ። የሙሽራው እናት ገና ሳይቀመጡ «ይሄን የመሰለ ወለል ከየት ገዛችሁት?» አሉ።
ጋሼ ደረቱን ነፋ። «አይገዛም እኮ። የድሮ ወለል ይፈጫል እንጂ አይጣልም። ፍርስራሹንስ የት ይደፉታል?»
ቃል በቃል! የራሴን ቃል!
ያኔ የእማዬ በር ተከፈተ። ጋሼ ሊደግፋት ብድግ ሲል ኮቱን ይዤ አስቀመጥኩት። በባዶ እግሯ፣ ቀስ ብላ፣ መስመሩን ይዛ መጣች። የፖርስሊኑ ነጭ ነጥቦች ያሉበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። አታያቸውም፣ ነግረናታል እንጂ። በጣቷ መታ መታ አደረገች።
«እዚህ ጋ የልጄ እልህ ተለስኗል» አለች ለእንግዶቹ። ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የማንንም እጅ ሳትይዝ።
ሁሉም ሳቀ። ጋሼ እንኳን።
እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በረንዳ ላይ ቆሞ የቀረውን ፖርስሊን ሲያይ አገኘሁት። ቆሞ ነገር ሲያይ...
«ለማድ ቤቱ ወለል ይሆናል» አለ።
እማዬ ከውስጥ ሰማችው። «ማድ ቤትም እሄዳለሁ!»