አልስቅም ስላሉት የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የቴሌቪዥን ጣቢያችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩት፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉን፣ ከዋና ሥራ አስኪያጅ እስከ ጥበቃ ሁላችንም «እትዬ መዝገብ» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። የጣቢያው ሥራ አመራርና ሠራተኞች ሀዘናችን ከባድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ መግለጫ በዕለቱ መውጣት ነበረበት። የሕዝብ ግንኙነት ክፍላችን ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሆን፣ የሟች ስምና የሥራ መደብ ብቻ የሚሞላበት የተዘጋጀ ጽሑፍ አለው። ስም ሞላን፣ የሥራ መደብ ሞላን፤ «ፈገግታ ከፊታቸው የማይለይ፣ ሳቂታና ተጫዋች» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ግን እስክሪብቶው ቆመ። አምስት ሰዎች በጠረጴዛው ዙሪያ ተያየን። ይህንን ብናወጣ የሚያውቋቸው ሁሉ ሌላ ሰው የሞተ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጽሑፉን ትተን ከባዶ ወረቀት ጀመርን፤ ለመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።

እትዬ መዝገብ ወደ ጣቢያችን የመጡት በፋይል ሠራተኛነት ነበር። በዚያን ጊዜ የጣቢያው ደብዳቤዎች በሦስት ካርቶንና በአንድ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። እሳቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ከስቱዲዮው ሥር ያለውን ምድር ቤት አስጠርገው፣ መደርደሪያ አስገብተው፣ እያንዳንዱን ወረቀት ቁጥር ሰጥተው ቦታ አስያዙት። ከእሳቸው እጅ ዶሴ ለመውሰድ መፈረም ግድ ነው፤ ዋና ሥራ አስኪያጅም ቢሆን። ያልተሟላ ማመልከቻ ይዞ የወረደ ሰው «ያልተሟላ፤ ይመለስ» የሚል ሐምራዊ ማኅተም ተመትቶበት ደረጃውን ተመልሶ ይወጣል። ብዙዎቻችን በዚህ ማኅተም የተነሳ የዓመት እረፍታችንን ሳምንት ዘግይተን ወጥተናል። አንዳንዶቻችን ዛሬም ድረስ አልረሳነውም።

ይሁን እንጂ የእትዬ መዝገብ አገልግሎት በዶሴ አያያዝ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ለሃያ ሁለት ዓመት የዘለቀው «ሳንተኛ» የተሰኘው የሌሊት የወግ ፕሮግራማችን በእግሩ የቆመው በእሳቸው ነው። ይህ እስካሁን በየትኛውም የጣቢያው ሰነድ አልተገለጸም፤ ያልተገለጸውም ነገሩ ጣቢያውን ስለሚያሳፍር ነው። አሁን እንገልጸዋለን።

አንደኛ ሳምንት። ፕሮግራሙ ተጀመረ። አዘጋጁ ከዚያ በፊት የአየር ጠባይ ዘገባ ሲያቀርቡ የነበሩት፣ በየቀኑ ደመና ይኖራል ስለሚሉ ሠራተኛው «ደመናው» ያላቸው ባልደረባችን ነበሩ። ቦርዱ የሰጣቸው አሥራ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ካልተሳካ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ የአየር ጠባዩ ወንበር ደግሞ ለሌላ ሰው ስለተሰጠ መመለሻ የላቸውም። ባለቤታቸው በወቅቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ። ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ቢሆንም የሚቀረጸው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የሠራተኛው ሰርቪስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው፣ ከጎን ካለው ትምህርት ቤት የእረፍት ደወልና የልጆች ጩኸት እየተሰማ፣ ደመናው «ተመልካቾቻችን እንደምን አመሻችሁ፤ ከተማው ጸጥ ብሏል» ይሉ ነበር። በስቱዲዮው እንዲታደም ከተጋበዘው ሕዝብ የመጣው አራት ሰው ሲሆን፣ ሁለቱ መጸዳጃ ቤት ሲፈልጉ የገቡ ናቸው።

ሁለተኛ ሳምንት። ሥራ አመራሩ ሰርኩላር አወጣ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ከየክፍሉ አምስት አምስት ሠራተኛ በቀረጻው ሰዓት በስቱዲዮ ተገኝቶ፣ የፕሮግራሙ አዘጋጅ ቀልድ በተናገሩ ቁጥር በመጠነኛ ድምፅ እንዲስቅ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ሠራተኛው ትዕዛዙን ፈጽሟል፤ እንዲያውም አብዝቶታል። የስቱዲዮ አስተባባሪው «ሳቅ» የሚል ሰሌዳ ሲያነሱ የትራንስፖርት ክፍል ባልደረቦች ወንበር እየደበደቡ ሳቁ። የዕለቱ እንግዳ የነበሩት ጡረተኛ የእግር ኳስ ዳኛ በዚያች ደቂቃ ስለ ጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና እየተናገሩ ነበር፤ ተቀይመው ሄዱ። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ኃላፊዋን ጨምሮ አምስት ብቻ በመሆኑ እትዬ መዝገብም መገኘት ነበረባቸው። ሰዓት አክባሪ ናቸውና ቀድመው ገብተው ከፊተኛው ረድፍ መካከል ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ፣ እጃቸውን ቦርሳው ላይ አድርገው ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አልሳቁም።

ሦስተኛ ሳምንት። ካሜራው ታዳሚውን ባሳየ ቁጥር በሚንከተከት ሰው መካከል አንድ ንቅንቅ የማይል ፊት ታየ። ስልኩ አላስቀምጥ አለን። አንድ ተመልካች ሴትየዋ መርዶ ተነግሯቸው እንዳይሆን ብለው በደብዳቤ ጠይቀዋል። ዋና ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የጻፉት ያን ጊዜ ነው፦ «በተመደቡበት ቦታ በሰዓቱ ቢገኙም፣ በተደጋጋሚ ባለመሳቅዎ የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ አበላሽተዋል።»

መልሳቸው በማግስቱ ደረሰ፦ «ሳቅ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም። ይግባ ከተባለም፣ የሚያስቅ ነገር ሳይቀርብልኝ መሳቅ ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ነው። እሱን ሌላው እንዳያደርግ ስከለክል ኖሬያለሁ።» ማስጠንቀቂያውንም መልሱንም ራሳቸው ቁጥር ሰጥተው፣ ራሳቸው ከራሳቸው ዶሴ አስገብተዋል።

አራተኛ ሳምንት። ደመናው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። በዚያ ዕለት በክፍሉ የነበሩት የፋይል ሠራተኛ ዛሬም በጣቢያችን ስላሉ የተባለውን እንደነገሩን እናቀርባለን።

«እትዬ፣ ምን በድዬዎት ነው?» አሉ ደመናው።

«ምንም አልበደልከኝም ልጄ። ተቀመጥ።»

«ታዲያ አንዴ ቢስቁልኝ ምን ይጎድልብዎታል? ውሸትም ቢሆን። እርስዎን ሳይ እኮ ምላሴ ይተሳሰራል።»

እትዬ መዝገብ ከመሳቢያቸው አንድ ደብተር አወጡ። እስካሁን የተወሩት አርባ ሁለት ቀልዶች በሙሉ በተራ ቁጥር ተመዝግበዋል። «ትናንት ያወራኸው ይኸውልህ፤ ቁጥር ሠላሳ አንድ። ቁጥር ዘጠኝም እሱ ነው። ያኔ ሰውየው ጫማ ሻጭ ነበር፣ አሁን ልብስ ሰፊ አደረግኸው። እኔ ለአንድ ጉዳይ ሁለት ዶሴ አልከፍትም።»

ደመናው ደብተሩን ሲያገላብጡ ቆዩና ከአርባ ሁለቱ ስንቱ ነው የሚረባው ብለው ጠየቁ። እትዬ መዝገብ አሰቡ። «አንዱ ጥሩ ነበር። ግን ቸኮልክበት።» ቀጥለውም «ማክሰኞ ማክሰኞ ጽሑፍህን አምጣ፤ አየዋለሁ» አሉ። ስለ ባለቤታቸው ጤና ጠይቀውም ሸኟቸው።

አምስተኛ ሳምንት። ደመናው ካመጧቸው ዘጠኝ ቀልዶች ሰባቱ ሐምራዊ ማኅተም ተመትቶባቸው ተመለሱ። በኅዳጉ ላይ የእትዬ መዝገብ ማስታወሻ ይነበባል፦ «ረጅም ነው።» «መጨረሻው ከመጀመሪያው ታውቋል።» «አማትህ ይቀየማሉ፤ ግን ይለፍ።» ከሁሉም በላይ ግን «እንግዳው ሲናገር አታቋርጥ፤ ከአንተ ይሻላል» የሚለው ለፕሮግራሙ እጣ ፈንታ ወሳኝ ሆኗል። ቀልድ ያጠራቸው አዘጋጅ የቀረውን ሰዓት ለእንግዳው መተው ግድ ሆነባቸው። እንግዳው የሊፍት ጠጋኝ ነበሩ። ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባቸው ስለቆዩ ሰዎች ሲያወሩ፣ አርባ ደቂቃ ለተዘጋባቸው ለአንድ መሥሪያ ቤት አለቃና ለምክትላቸው በሩን ሲከፍቱ «ስብሰባ ላይ ነን፤ ቆይተህ ና» ተብለው እንደተመለሱ ተናገሩ። ሠራተኛው ሰሌዳው ሳይነሳ ሳቀ። የስቱዲዮ አስተባባሪው ራሳቸው ሲስቁ ሰሌዳው ከእጃቸው ወድቆ ተሰንጥቋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልተሠራም።

እትዬ መዝገብ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አልሳቁም።

ስምንተኛ ሳምንት። ሥራ አመራሩ ከስኬቱ አልተማረም። ቦርዱ በቅርቡ ይመጣል በሚል ስጋት ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ እትዬ መዝገብ ከኋላ ረድፍ፣ ከምሰሶው ጀርባ እንዲቀመጡ አዘዘ። ደመናው መድረክ ላይ ወጥተው ቦታቸውን ባዶ ሲያዩ ማይክሮፎኑን ከደረታቸው ነቀሉ። «እሳቸው ካላዩኝ ለማን ነው የማወራው? ይኼ ሁሉ ሰው የሚስቀው ታዝዞ ነው» አሉ። ከታዳሚው ተቃውሞ አልቀረበም፤ እውነት ነበርና። ቀረጻው ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ፣ የሰርቪሱ ሹፌር ጡሩንባ እየነፉ፣ እትዬ መዝገብ ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ፊተኛው ወንበራቸው ተመለሱ። ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች እስከ ዛሬ ሳይነሱ መቆየታቸው የጣቢያው ስህተት ነው፤ በዚህ መግለጫ ተሽረዋል።

አሥራ ሦስተኛ ሳምንት። የቦርዱ አባላት በሙሉ በስቱዲዮ ተገኙ። ደመናው ያላቸውን ሁሉ አወጡ። የቦርዱ ሰብሳቢ ክራባታቸውን እስኪፈቱ ሳቁ፤ ከሁለት ወር በፊት ሴት ልጅ የወለዱት የደመናው ባለቤትም ሕፃኗን ታቅፈው ከጥግ ቆመው ነበር። ፕሮግራሙ እንዲቀጥል በዚያው ሰዓት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰው ሁሉ ሲጨባበጥ ደመናው ሕዝቡን እየገፉ ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄዱ። እትዬ መዝገብ ተነስተው ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ ነበር። «ስድስተኛው ደህና ነው» አሏቸው። «ሌላውን ማክሰኞ እናየዋለን።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ተመልካች ያውቀዋል። «ሳንተኛ» አደገ፤ ስቱዲዮው ሰፋ፤ መግቢያ ለማግኘት ሕዝቡ ይሰለፍ ጀመር፤ ሰርኩላሩም ተነሳ። ሌላው ሠራተኛ በሙሉ ወደ ሥራው ሲመለስ እትዬ መዝገብ ግን የሚያስገድዳቸው ሳይኖር ያንኑ ወንበር አልለቀቁም። የቀልድ መዝገባቸው ዘጠኝ ቅጽ ደርሷል። ደመናው ስማቸው ገንኖ፣ ሰው መንገድ ላይ እያስቆማቸው፣ ማክሰኞ ጠዋት ግን ወረቀታቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ይመስሉ ነበር። ባለፈው ዓመት ፕሮግራሙ ሲያበቃና ጡረታ ሲወጡ ባደረጉት የስንብት ንግግር «አንድ ነገር ብቻ አልተሳካልኝም፤ አንዲት ሴት አላሳቅኩም» ብለዋል። አዳራሹ ሳቀ። እትዬ መዝገብ አልሳቁም። ከጡረታ በኋላም ማክሰኞ ማክሰኞ፣ አንዳንዴ አንዲት መስመር ብቻ የተጻፈባት ወረቀት ይዘው መምጣታቸውን አላቆሙም። ጥበቃዎቻችን መታወቂያ ጠይቀዋቸው አያውቁም።

ይህን መግለጫ እዚህ ላይ ልንዘጋው አስበን ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓርብ የጣቢያው ተወካዮች ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ደመናው አብረውን ነበሩና የሰማነውን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ደመናው ከሟቿ ሴት ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ «እናትሽ ጨከኑብኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቼ አንዲት ሳቅ ሳይሰጡኝ ሄዱ» አሉ።

ልጃቸው ቀና ብለው አዩአቸው። «ማ፣ እማዬ? ጋሼ፣ እማዬ እኮ ቤት ስትሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። እኔንና ወንድሜን አስተኝታ ብቻዋን ታይዎታለች። እንዳንነቃ ትራስ አፏ ላይ ትይዛለች፤ እኛ አልጋችን ውስጥ ሆነን እንሰማታለን። ጎረቤት ስንቴ ግድግዳ ደብድቦብናል መሰለዎት።»

ደመናው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁ።

«የሊፍቱ ሰውዬ ከመጡበት ቀን ጀምሮ። ከዚያ በፊት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።»

«ታዲያ ምነው? አንድ ቀን እንኳን አትነግሩኝም?»

«ከልክላን ነዋ። ‹ከሳቅኩለት ማክሰኞ ማክሰኞ መምጣቱን ይተዋል› ትለን ነበር።»

ለልጆቻቸው፣ ለመዝገብ ቤት ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሯቸው አንዲት ወረቀት ይዘው መጥተው፣ ይህ መግለጫ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ከምድር ቤት ላልወጡት ለደመናው መጽናናትን እንመኛለን።

የጣቢያው ሥራ አመራርና ሠራተኞች