«አዛውንት ሆይ!» ብሎ ስለሚጮኸው የባቡር ጣቢያ በር

ለተከበሩ የከተማችን የምድር ውስጥ ባቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ሴኡል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ወገብዎ፣ የደም ግፊትዎስ እንዴት ነው? አጥብቄ መጠየቄ አይግረምዎ። የመግቢያ በርዎ ስልሳ አምስት ለሞላን የሚሰጠውን ነጻ ካርዴን ባስነካሁ ቁጥር «አዛውንት ሆይ፣ ጤና ይስጥዎት!» እያለ ጣቢያው ሁሉ እስኪሰማ ስለሚመርቀኝ፣ ምርቃቱን ሳልመልስ ብቀር ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው።

ፕዮ ማልሱን እባላለሁ፤ ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ድምፁ የተገጠመው በአያቶቻቸው ካርድ የሚገቡትን ወጣቶች ለማጋለጥ እንደሆነ ማስታወቂያዎን አንብቤ ተረድቻለሁ። በእርግጥም ባለፈው ሰሞን ከፊቴ የነበረ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ በሩ «አዛውንት ሆይ» ሲለው፣ «ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ!» ብሎት ደረቱን ነፍቶ አለፈ። የተጋለጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ በቁጥር አስረዳለሁ።

አንደኛ፤ በተራራ ወጪዎች ማኅበራችን ኦም ኪቾል የሚባሉ ሰው አሉ። በባህላችን ዕድሜ ሳይጠያየቁ መጠራራት አይቻልምና የዛሬ ዓመት ስንተዋወቅ «ስልሳ ሦስት» ሲሉኝ፣ አፌ አመለጠኝና «ስልሳ ሁለት» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው ጋሽ ኦም፣ እኔ ደግሞ አንቺ ሆንኩ። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ አንቺ ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህን «አንቺ» ማጣት አልፈለግሁም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ቅዳሜ በባቡር ከተማውን ስንዞር ልንውል ተቀጣጠርን። በርዎን ፈርቼ እንደ ወጣት ሙሉ ዋጋ የሚቆርጥ ካርድ ገዛሁ። ገበያ ወርደን ትኩስ የማሾ ቂጣ በላን፤ የሃንን ወንዝ በድልድዩ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለስንበት፤ ከዚያም እስከ ኢንቾን ባሕር ዳርቻ ዘልቀን ለወፎቹ ብስኩት ወረወርን። በሄድንበት ሁሉ በፉርጎው ጫፍ ያሉት የአዛውንት መቀመጫዎች ባዶ ነበሩ። እኔ ግን «መቀመጥ ወገብ ይጎዳል» አልኩ። ጋሽ ኦምም «ለደም ዝውውርም መቆም ነው» አሉ፤ ጉልበታቸው ቋ ሲል እየሰማሁ። እስከ ኢንቾን ከአንድ ሰዓት በላይ ባዶ ወንበር ፊት ቆመን ተጓዝን።

ሦስተኛ፤ ለመመለስ ሁለቱም ካርዶቼ ያሉበትን ቦርሳ በሩ ላይ ባስነካው፣ «አንድ ካርድ ብቻ ያስነኩ» አለኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ተንጫጫ። «ኧረ እትዬ፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው!» አለች አንዷ። ተጣድፌ የመዘዝኩት ነጻውን ኖሯል።

«አዛውንት ሆይ፣ ጤና ይስጥዎት!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ ግን ከመሬት በታች ያለውም የእርስዎ ነው።

ጋሽ ኦም በጎን ባለው በር ካርዳቸውን ዘርግተው ነበር። አዩኝ። የዘረጉትን ቀስ ብለው መልሰው ከተቱና ከሌላው ኪሳቸው ሌላ ካርድ አወጡ።

«አዛውንት ሆይ፣ ጤና ይስጥዎት!» አላቸው በሩ።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ነሽ?» አሉኝ።

«ስልሳ ሰባት። እርስዎስ?»

«ስልሳ ስድስት።»

«ታዲያ ታላቅህ ነኛ!»

«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ እትዬ ማልሱን። አሁን በሞቴ እንቀመጥ፣ ጉልበቴ አልቋል።»

«እትዬ በለኝ፣ ግድ የለም። ‹አንቺ›ን ግን እንዳትወስድብኝ።»

«አንቺን ለማን እሰጣለሁ?» አለኝ።

በአዛውንት መቀመጫ ላይ ተደጋግፈን ተኛንና መውረጃችንን ሦስት ጣቢያ አለፍነው። አራተኛ አቤቱታም ነበረኝ፤ እዚያው ተኝቼ ረሳሁት።

በሩ በመረቀኝ ቁጥር እርስዎን በስም የማነሳ፣ ከእንግዲህ ከዕድሜዬ አንዲት ቀን የማልሸራርፍ ታዛዥ ተሳፋሪዎ፣

ፕዮ ማልሱን (67)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በድርጅትዎ መጽሔት እንዳነበብኩት በመጪው ወር ስልሳ አምስት ዓመት ይሞላዎታል። እንኳን አደረሰዎ! ነጻ ካርድዎን ይዘው በየትኛው ጣቢያ እንደሚገቡ ቢያሳውቁን፣ ኪቾልና እኔ ማልደን በሩ ላይ እንገኛለን። ምናልባት በዚያ ቀን የማሽኑ ድምፅ በድንገት ቢበላሽ እንኳ አይጨነቁ፤ እኛ ከተራራ ተራራ መጣራት የለመድን ሰዎች ነን።