በመኪናዎ ውስጥ ስለሚዞሩት ዘጠኝ የውሃ መዝጊያ እጀታዎች

ለተከበሩ ሐጂ አብዱሰላም
የባይሽ ከተማ ባለ ዘጠኝ ክፍል ሕንፃችን ወኪልና የውሃችን አዛዥ

ጉዳዩ፦ ባለፈው ሐሙስ ስለደረሰው ቃጠሎና በሙሄ ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለሁለቱ እጆችዎ ደኅንነት ዱዓ እንደማደርግ ይወቁልኝ። ከፋራሳን ደሴት በመርከብ ሲመለሱም ባሕሩ እንዳላንገላታዎት ሰምተን ደስ ብሎናል። በአደባባይ የምጽፍልዎት ለድፍረት አይደለም፤ በደረጃ ላይ የሴት ስሞታ እንደማይሰሙ፣ የተጻፈ ነገር ግን እንደሚያነቡ ራስዎ ስለነገሩን ነው።

1. በጣሪያችን ላይ ያለውን የውሃ ታንከር ከፀሐይ ይከልል የነበረውን ቆርቆሮ አንስተው ለመኪናዎ ጥላ ስላደረጉት አመሰግናለሁ። መኪናዎ በቀትር እንኳ ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው። እኛ ዘንድ ግን በዚህ በሐምሌ ሙቀት በቀጥታ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ሻይ ሊፈላበት ጥቂት የቀረው ስለሆነ፣ የአገሩ ሰው እንደሚያደርገው ማሞቂያውን ከኤሌክትሪክ ነቅለን፣ በውስጡ የተኛውን ውሃ እንደ ቀዝቃዛ እንጠቀምበታለን። ልጆቻችንን የምናጥበው በቀዩ ቧንቧ ነው።

2. በየክፍላችን በር አጠገብ የነበሩትን የውሃ መዝጊያዎች እጀታ፣ ተከራይ እንዳሻው እየከፈተና እየዘጋ ያበላሻቸዋል ብለው አንድ በአንድ ፈትተው ስለሰበሰቡልን እጅግ አመሰግናለሁ። ዘጠኙም በላስቲክ ከረጢት ሆነው ከመኪናዎ የኋላ ወንበር ላይ ሲንቀጫቀጩ፣ መምጣትዎን በእነሱ እናውቃለን። ከታንከሩ የሚወርደውን የዋናውን መስመር መዝጊያም ከደረጃው ሥር በብረት ሳጥን ቆልፈው፣ በቀን ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ እየከፈቱ፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው ይዞራሉ። ሟቹ ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አዲስ ቤት ስንከራይ ዕቃ ከማውረዱ በፊት የውሃው መዝጊያ የት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። እርስዎን ቢያገኝዎ ኖሮ መልሱን ለመስማት ፋራሳን ድረስ መሻገር እንደሚኖርበት ባወቀ ነበር።

3. ይህን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ እርስዎ ዋናውን መስመር እንደተከፈተ ትተው፣ ሳጥኑን ቆልፈው ስለሄዱ በቦታው አልነበሩምና። ሐሙስ ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የክፍል አምስቷ ሀፊዛ የሦስት ዓመት ልጇን ሂባን እያጠበች ሳለ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር በላይ የተሰቀለው ማሞቂያ ቧንቧው ከመጋጠሚያው ወለቀ። መጀመሪያ የወረደው በማሞቂያው ውስጥ የቆየው ቀዝቃዛ ውሃ ነበርና ልጅቱ ሳቀች። ቀጥሎ የጣሪያው ውሃ መጣ። መውጫው ከውሃው ሥር ስለሆነ ሀፊዛ ልጇን ትከሻዋ ላይ አውጥታ ከጥጉ ተለጠፈች። ጩኸቷን ሰምቶ የደረሰው ጎረቤቷ ሙሄ ነው፤ ፍየል የሚጠብቀው፣ ወሎ ላይ ሦስት ልጆች ያሉት የአርባ ዓመት ሰው። የራስ ሻሹን በእጆቹ ጠቅልሎ የቧንቧውን አፍ ደፈነው። እሱ ካልተነሣ እናትና ልጅ በጠባቡ በር ማለፍ አይችሉም፤ እሱ ከተነሣ ደግሞ ውሃው በላያቸው ይወርዳል። ስለዚህ ቆመ።

ጎረቤቶች የክፍሉን መዝጊያ በፒንሳ ለማዞር ታገሉ፤ እጀታ የሌላት ብረት ጠርዟ ተላጠና አሻፈረኝ አለች። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልሁልዎ። በመጨረሻ የላኩልን የድምፅ መልእክት እስከ ዛሬ በሁላችንም ስልክ አለ፤ ቃል በቃል እነሆ፦ «ፋራሳን ነው ያለሁት፣ ነገ በመርከብ እመጣለሁ። ያላ፣ ጨርቅ እሰሩበትና ጠብቁ። ሳጥኑን የነካ ሰው ግን ከእኔ ጋር ኸላስ!» ስለ ምክርዎ እናመሰግናለን። ጨርቁ ታስሮበት ነበር፤ በጨርቁ ውስጥ የሙሄ እጅ ነበረበት። ሀፊዛ እያለቀሰች «ልቀቀው፣ በአላህ ልቀቀው» ስትለው «የፍየል ቀንድ ስይዝ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አንቺ ዝም በዪና ልጅቱን ያዢ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰዓት የማየት ልማድ ስላለኝ ልክ ሃያ ሁለት ደቂቃ እንደነበር አረጋግጥልዎታለሁ። ሳጥኑ ተሰብሮ ዋናው መስመር ሲዘጋ ሀፊዛ ልጇን ይዛ ወጣች። ሂባ አንድ እግሯ ትንሽ ቀልቶ ነበር፤ አሁን ድናለች። ሻሹ ከሙሄ እጅ ሲፈታ የመዳፉ ቆዳ አብሮ መጣ።

4. ቅዳሜ ዕለት በደረጃው ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። ሙሄ የውሃውን ሳጥን ቁልፍ ስለሰበረ፣ እስከ መጪው ዓርብ ጥፋቱን በአሻራው አምኖ ክፍሉን እንዲለቅ፣ ያለዚያ ስሙን ለጀዋዛት፣ ለኢሚግሬሽኑ ፖሊስ፣ እንደሚሰጡ ጽፈዋል። በየመን በኩል ወደዚህ ዓረብ አገር ያለ ወረቀት እንደገባ ያውቃሉ። ሲያከራዩትም ያውቁ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጉዳዩ አላሳሰበዎትም። ይህን ማስታወቂያ ካነበበ ወዲህ ከክፍሉ አልወጣም፣ ሐኪምም አላየውም። ሀፊዛ ከፋርማሲ የገዛችውን ቅባት ትቀባዋለች፤ እኔ እያጎረስሁት ይበላል።

በማስታወቂያዎ ላይ ግን አንድ ስሕተት አለና እንዲያርሙት በትሕትና እጠይቃለሁ። ቁልፉ በተሰበረበት ሰዓት የሙሄ ሁለት እጆች ቧንቧው ላይ ነበሩ። የሰበርሁት እኔ ነኝ። በሙቀጫዬ ዘነዘና አራት ጊዜ መታሁት፤ ለሰባ ሁለት ዓመት ሴት ብዙ አይመስለኝም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በልጄ ስም የጸና ነው፤ ዘነዘናውና የተሰበረው ቁልፍ በክፍሌ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ለጀዋዛት ስም መስጠት ካለብዎ የእኔን ይስጡ፤ ከፈጅር ሶላት በኋላ ለብሼና ወረቀቴን ይዤ እቆያለሁ።

ከዓርብ በፊትም ማስታወቂያዎን እንዲያነሡልን፣ እጀታዎቹን ወደየበራችን እንዲመልሱልን፣ ሙሄንም በዚያ ጥላ ሥር በምትውለው መኪናዎ ከጎንዎ አስቀምጠው ሐኪም ቤት እንዲያደርሱልን እንለምናለን። በኬላው ላይ ያሉት ፖሊሶች እርስዎን ሰላም ብለው እንጂ አስቁመው እንደማያውቁ በኩራት ነግረውናልና፣ መንገዱ አይከብድዎትም።

ውሃው በተከፈተልን ቁጥር ስምዎን ከማንሣት የማልቦዝን፣ በተዘጋብንም ጊዜ ከዚያ አብልጬ የማነሣ፣ የክብርዎ አድናቂ፣

ዘይኔ ይመር
ክፍል ሦስት

ግልባጭ፦
ለነዋሪዎች የዋትስአፕ ቡድን
ለደረጃው ግድግዳ፣ ከማስታወቂያዎ ጎን

ማሳሰቢያ፦ ሙሄ አሻራውን እንዲያሳርፍበት ከቀለም ጋር የላኩትን ወረቀት ባዶውን መልሼልዎታለሁ። እምቢ ብሎ እንዳይመስልዎት፤ ፈርቶ እሺ ብሎ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን ተመለከትኋቸው፤ አሻራ የሚወጣበት ቆዳ የላቸውም።