ሠላሳ አንድ ቅጠልና የጠፋው ፎንት

ሰኞ፣ ግንቦት 15

ሳጥን ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳጥን፣ በመሃል የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት። ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ራሱን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው።

ቅዳሜ ዳኒ ከአላማጣ መጥቶ አዲስ ሲስተም ጫነልኝ። ጥፋቱ የኔም ነው። የሚያስጽፍ ሰው ሁሉ በፍላሽ ቫይረስ እያመጣ ማሽኑ አልንቀሳቀስ ሲለኝ «አድስልኝ» ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። «ፋይሎችሽ አንዱም አይነካም» አለ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም አሉ። የሌለው የተጻፉበት የአማርኛ ፎንት ነው። እሱን ዳኒም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት።

አሁን ከማይነበቡት፦
የትምህርት ቤቱ ፈተና። ተፈትነው ጨርሰዋል፣ ይቅር።
የሰርግ ጥሪ። ተጋብተዋል፣ ይቅር።
የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ። የታተመ አላቸው፣ እንደገና እጽፈዋለሁ።
የአባ ሙሄ መጽሐፍ።

እሱ አይቀርም። አባ ሙሄ አርባ ዓመት የውሃ አባት ሆነው ኖረዋል። ክረምት ጎርፍ ከተራራው ሲወርድ በየትኛው ቦይ ይግባ፣ ማን ቀድሞ ያጠጣ፣ ማን ይጠብቅ የሚሉት እሳቸው ናቸው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለዩት ፊደል የሠላሳ አንዱን ቤተሰብ ተራ፣ ሽማግሌ ከፈረደው ፍርድ ጋር ደብተር ላይ አስፍረውታል። እኔ ለሁለት ወር ተየብኩት። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ እሑድ ሥራውን ለአዲሱ የውሃ አባት ያስረክባሉ፣ መጽሐፉም አብሮ ይሰጣል ተብሏል። አምና ሰይድና ኃይሉ፣ የአንድ አያት ልጆች፣ በጎርፍ ተራ ተጣልተው በዱላ ተፈነካክተዋል። መጽሐፉ ከሌለ ዘንድሮ በዱላ ብቻ ያልቃል የሚል ሰው አላገኘሁም።

ዳኒ ስልክ አያነሳም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 16

አነሳ። «ታዲያ ፎንቱን መልሰሽ ጫኚዋ!» አለኝ፣ ጨው ከሱቅ ግዢ እንደማለት። ከየት ነው የምጭነው? በሲዲ የሰጠኝ አስተማሪ ተዛውሮ ሄዷል፣ ስልኩም ተቀይሯል።

ሲዲው የት እንደገባ ሳስብ ቆይቼ ትዝ አለኝ። እህቴ ፋጡማ አምና ወፍ ፓፓዬዋን ሲጨርስባት «የማትፈልጊው የሚያብረቀርቅ ነገር ካለሽ ስጪኝ» ብላኝ፣ አሮጌ ሲዲዎቼን ሰብስቤ ሰጥቻታለሁ። ሄድኩ። ዛፉ ላይ በገመድ ተንጠልጥለው ይሽከረከራሉ። የኔን በእጅ ጽሑፌ ለየሁት። ፀሐይ ልጦታል፣ በእሱ ውስጥ የጎረቤት ቆርቆሮ ይታያል።

ፋጡማ አጠገቤ ቆማ «ወላሂ፣ ካንጠለጠልኩት ወዲህ ወፍ አልነካብኝም» አለችኝ። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ። ፓፓዬ ቆርጣ ሰጠችኝ፣ በላሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 17

ጠዋት በሚኒባስ ዋጃ። ተስፋዬ የሚባል ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው የድሮ የአማርኛ ፎንት አለው ተብዬ ነው። አለው። በፍላሽ ሰጠኝ፣ ሻይም ጋበዘኝ። ቆቦ ሱቄ እስክደርስ ፍላሹን ከእጄ አልለቀቅሁትም።

ጫንኩት፤ መጽሐፉን ከፈትኩት። ፊደል! የኛው ፊደል ገጹን ሞልቶት! እልል አልኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሱሌማን መቀሱን እንደያዘ ሮጦ መጣ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ፣ አንድ ቃል የለም። ፊደሉ የአማርኛ ነው፣ ነገሩ ግን የማንም ቋንቋ አይደለም። ሱሌማን ጎንበስ ብሎ አየና «የጅን ደብዳቤ ነው እንዴ?» ብሎኝ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

ተስፋዬ ጋ ደወልኩ። እያንዳንዱ የድሮ ፎንት ፊደሉን የሚያስቀምጥበት የራሱ ቦታ አለው፣ የተጻፈበት ያው ፎንት ካልተገኘ አይፈታም አለኝ። «የእጅ ጽሑፉ ካለሽ በሁሉም ኮምፒውተር በሚነበበው በአዲሱ ፎንት እንደገና ጻፊው፣ ይበቃሻል» አለ።

እውነቱን ነው። ደብተሩ አባ ሙሄ ዘንድ አለ። ቀሪው ሦስት ቀን ነው፣ ጣቴ ፈጣን ነው። ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 18

የለም። ደብተሩ የለም።

አባ ሙሄ ከሰዓት በፊት በትራቸውን እያስቀደሙ ራሳቸው መጡ። ወንበር ሰጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፎንት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ተንገዳገድኩ፤ መጨረሻ ላይ «ቃሉ ውስጥ አለ፣ የሚገለጥበት ዓይን ጠፋ» አልኳቸው። ይህ ገባቸው። ከዚያ ደብተሩን ስጡኝ አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንቺ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል አላልሽኝም? ገብቷል ካልሽኝ ወዲያ ቅጠል ቅጠሉን ገንጥዬ ለየባለቤቱ አከፋፈልሁት። ሥራ የለቀቀ የውሃ አባት የሰው ቃል ይዞ አይቀመጥም። አደራ ነው፣ ይመለሳል።»

ለካ ወጉ እንዲህ ነው። በፊት በቃል ነበር፤ የሚወርደው የውሃ አባት በየቤቱ እየዞረ ተራቸውን ይነግራቸውና «ከአንገቴ ወረደ» ይላል። እሳቸው ደብተር ስላላቸው ቅጠሉን ሰጡ። እኔ «ገብቷል» ባልልስ? በራሴ ተናደድኩ፣ በዳኒ ተናደድኩ፣ በወጉ ሁሉ ተናደድኩ። እሳቸው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብለውኝ ወጡ።

ዓርብ፣ ግንቦት 19

አባ ሙሄ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ አስነገሩ። ለገብርኤል ታቦት ቅዳሴ የወጣውን ሰው ደግሞ ቄሱ «የውሃ ቅጠል የተሰጣችሁ ወደ ጸሐፊዋ ሱቅ» አሉት። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ሰልፍ ሆነ።

የመጣው፦ ቁርኣን ውስጥ ተጣጥፎ የቆየ። የቅባት ጠርሙስ የተወተፈበት። በርበሬ የተቋጠረበት፣ እያስነጠሰኝ ገለበጥኩት። አንዲት አሮጊት ቅጠላቸውን ከእጃቸው አልለቅም ብለው እየያዙልኝ ነው የተየብኩት። «ይቺን ደግሞ ያን ሳጥንሽን እንዳታበያት» አሉኝ። ስድቡ ይገባኛል።

እስከ ማምሻ ሠላሳ ቅጠል። የቀረው አንድ ነው። የሰይድና የኃይሉ አያት ቅጠል፣ የዱላው ቅጠል።

ሰይድ ቤት በባጃጅ ሄድኩ። ሚስቱ ዘምዘም ሕፃኗን አቅፋ ወጣች። ቅጠሉን ስጠይቃት የልጇን አንገት አሳየችኝ። አባ ሙሄ የጻፉት የተባረከ ነው ብላ በቆዳ አሰፍታ ክታብ አድርጋዋለች! ለመንኳት። «እሱን ካሰርኩላት ወዲህ ልጄ አልታመመችም፣ ቆዳው ከተፈታ ትኩሳቷ ይመለሳል» አለች። ሰይድ ከኋላዋ ቆሞ ትከሻውን ነቀነቀ። ሕፃኗ ክታቡን አፏ ውስጥ ከታ ታየኛለች። ተውኩት። ምን ልበል? የእናት ነገር ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 20

መብራት ጠፋ። ይኸው፣ ይቺ ነበረች የቀረችኝ።

ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን ባጃጅ ላይ ጭኜ ጄኔሬተር ካለው ወፍጮ ቤት ገባሁ። የማሽላ ዱቄት ቁልፎቹን አለበሳቸው። ጆሮዬ ደነቆረ። ወፍጮው ሲቆም እኔም እቆማለሁ፣ ሲነሳ እኔም እነሳለሁ። አስር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ገጽ አተምኩ። አዲሱ ፎንት ቀጭን ነው፣ አልወደድኩትም፤ ግን ይነበባል። አልጠፋም፣ ይነበባል!

የሠላሳ አንደኛውን ገጽ ባዶ ተውኩት፣ ከላይ የአያታቸው ስም ብቻ። አባ ሙሄ «እኔ በቃሌ እሞላዋለሁ» ብለዋል። ከትናንት ወዲያ ግን የልጅ ልጃቸውን ስም ሁለት ጊዜ አሳስተው ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ፈርቻለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 21

ለርክክቡ ሠላሳ አንዱ ቤተሰብና አዲሱ የውሃ አባት ከቦዩ ራስ፣ ግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። ሰይድ በአንድ ጎን፣ ኃይሉ በሌላው ጎን ከነሰዎቹ፣ ሁሉም በትር ይዟል። እኔ በመሃል መጽሐፉንና እርሳስ ይዤ።

ሠላሳውን አነበብኩ። አንድም አልተከራከረም፤ አንዳንዱ የአያቱን ስም ሲሰማ «አላህ ይማረው» ይላል፣ አንዳንዱ «ነፍስ ይማር»። ባዶው ገጽ ላይ ስደርስ አባ ሙሄ ተነሱና ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ጀመሩ። የመጀመሪያው ጎርፍ ለሰይድ ቤት። እሺ። «ሁለተኛው ጎርፍ ለኃይሉ ቤት» አሉ።

የሰይድ ፊት ተለወጠ። ከኋላው ያሉት ተንቀሳቀሱ። አምና የተፈነካከቱት በዚሁ በሁለተኛው ጎርፍ ነው። ሰይድ ግን የሚያሳየው ቅጠል የለውም፣ በልጁ አንገት ላይ ተሰፍቷል። እርሳሴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ መጻፍ አቃተኝ። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ሰው ቢሞት በኔ ነው አልኩ።

ኃይሉ ተነሳ። በግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ በእጁ ዳሰሰው።

«አባ ሙሄ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አለ። «አምና ከተፈነካከትን በኋላ አንቱ ራስዎ ከደብተሩ አንብበውልኛል። ሁለተኛውም የሰይድ ነው። የመጀመሪያው ደካማ ከሆነ። የኔ ሦስተኛው ነው።»

አባ ሙሄ ዓይናቸውን ገልጠው ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ፣ «እውነት ነው ልጄ፣ እውነት ነው» አሉ። ሰይድ በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ እንድጽፈው ይጠብቃሉ። «ኃይሉ፣ ድገምልኝ» አልኩት።

ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ ደገመው።