የዕድሩ ክርክርና የሔርሜላ ነገር

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድሜ፣ ለወንድምጋሼ ሀይለማርያም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን ልጠይቅ። ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝዎ ጉልበት ክረምቱን እንዴት አሳለፈው? የባለቤትዎ የእትዬ ሮማንስ ስኳር ተስተካከለላቸው ወይ? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ አገሩስ ሰላም ነው? አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ ሲባል ሰምተን፣ ኢንተርኔቱም ተዘግቶ ቫይበሩ አልሠራ ሲለኝ፣ በየሰው በኩል ወሬያችሁን ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ጎረቤቴ ሰርካለም ናት፤ ለአባቷ ተዝካር ወደ አሰላ ስትሄድ ለምኛት ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሥጋ ደኅና ነን።

በሥጋ ያልኩት አውቄ ነው። ልጄ ሔርሜላ እዚህ አሜሪካ ውትድርና ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አባቷ እዚህ የኤርፖርት ሻትል እንደሚነዳ፣ እሷም ጀርመን አገር የጦሩን ከባድ መኪና ትነዳ ነበር። ሾፌርነት በዘር ይተላለፋል እያልኩ ስቀልድ ከረምኩ። በነሐሴ ግን ክፍሏ ሊትዌኒያ ወደምትባል አገር፣ ከሩሲያ ድንበር አጠገብ ለወራት እንደሚዛወር ነገረችን። ከዚያ ወዲህ ቀልዱ ቀርቷል።

እዚህ ደግሞ የምርጫ ሰሞን ነው። በመንግሥት ሥራ ያላለፈ አንድ ሀብታም ነጋዴ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል። ይሉኝታ የሚባል ያልፈጠረበት ሰው ነው፤ አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። አሜሪካ ከአውሮፓ አገሮች ጋር ስላላት የጦር ቃል ኪዳን ሲናገር፣ ድርሻቸውን ለማይከፍሉት እኛ ለምን እንደርስላቸዋለን ይላል። ሥራ ቦታም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆኗል።

ባለፈው ወር ዕድራችን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲሰበሰብ ነገሩ ተነሣ። እርስዎ ዝምተኛው የሚሉት ባለቤቴ እንዳልክ ብድግ አለና፣ «ዕድርተኛ ሆኖ ወርኃዊውን ላልከፈለ ድንኳን ይተከልለታል እንዴ? ሰውየው ከዚህ ሌላ ምን አለ?» ብሎ ጮኸ። ከጎረቤት ከተማ ከሴንቴኒያል የሚመጣው ኢሳይያስ፣ አንደርስም ብሎ በአደባባይ መናገር በሩ ክፍት ነው ብሎ ጅብን መጥራት ነው ሲል መለሰለት። እንዳልክም፣ ከፋዩና የማይከፍለው እኩል ከሆኑማ ማን ይከፍላል ብሎ ተሟገተ፤ እውነቱን ለመናገር ውኃ የሚያነሣ ክርክር ነበር። ይህን ጊዜ የዕድሩ ዳኛ ወይዘሮ ከበቡሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ለመሆኑ ለቅሶ ቤት ደርሶ መጀመሪያ ደረሰኝ የሚጠይቅ ማን ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እንዳልክ ብቻ አልሳቀም፤ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩት።

መንገድ ላይ ልጨቀጭቀው ተዘጋጅቼ ነበር። ሎውሪ ስንደርስ ዳር ይዞ ፓርክ አደረገ። ሎውሪ ድሮ የአየር ኃይል ሰፈር ነበረ፤ አሁን መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ሆኗል። በመስኮቱ እያመለከተ፣ «ይኸው፣ ይህም ተዘግቷል። ወታደሮቹ ሁሉ ሄደዋል» አለኝ። ለካ ሰውየው ከተመረጠና አውሮፓውያኑ ካልከፈሉ ጦሩ ይመለሳል፣ ጦሩ ከተመለሰ ሔርሜላ ትመለሳለች ብሎ ነው ያን ሁሉ የጮኸው። ይህን ነው ለብቻው ሲያወጣ ሲያወርድ የከረመው። ወንድምጋሼ፣ እርስዎን አልዋሽም፣ ሐሳቡ እኔንም ጣመኝ። ሊትዌኒያ ምን ይውጣት ብዬ አላሰብኩም፤ የማስበው ልጄን ብቻ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከዚያው ከሊትዌኒያ ደወለች። ብርዱ መግባቱን፣ ጭቃው መኪና እንደሚውጥ፣ አንዲት የመንደር አሮጊት ያልተጠየቀ ድንች ቀቅለው እንደሚያመጡላቸው ስታወራ አባቷ ጣልቃ ገባ። አይዞሽ፣ ምርጫው ይለፍ እንጂ ያልከፈሉትን ትታችኋቸው ትመጣላችሁ አላት፤ ሊያጽናናት ነው። እሷም፣ «ዳዲ፣ ሰውየው አንሄድላቸውም ሲል እኛ እኮ ኦልሬዲ እዚህ ነን። ለእኛስ ማን ይመጣል?» አለችው። እንዳልክ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ ወደ ጋራዡ ወጣ። እኔም ስለ ካልሲዋ ጠየቅኋት።

የዚያን ቀን እርስዎ ትዝ አሉኝ። ሰሜን ግንባር ሳሉ፣ ረዳት ጦር መንገድ ላይ ነው እየተባላችሁ ስለጠበቃችሁት ጊዜ አጫውተውኝ ነበር። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ እርስዎን በሕይወት በማየቴ ብቻ ተደስቼ መጨረሻውን ሳልጠይቅ ቀረሁ። አሁን ልጠይቅዎ። ረዳቱ ጦር መጥቶ ነበር ወይ? ካልመጣስ፣ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ከኋላው ምን ሲነገረው ነው የሚጸናው? ለልጄ የምላት እንዳገኝ ነው።

እዚህ የምርጫው ወረቀት ቤት ድረስ በፖስታ ይመጣል። የእንዳልክ አልተከፈተም፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ እየገፋን ቁርሳችንን እንበላለን። ማንን እንደሚመርጥ አልጠየቅሁትም። ትናንት ግን ስጽፍ አየኝና፣ የሔርሜላን ጥያቄ ወንድምጋሼን ጠይቂልኝ፣ እሳቸው ያውቃሉ አለኝ። መልስዎ ከምርጫው ቀድሞ እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ይጻፉልን፤ ማንም ቢመረጥ እሷ እዚያው ናት።

እትዬ ሮማንን በጣም ናፍቀውኛል ይበሉልኝ፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይዋጡ። ልጅዎ አስቻለው ፊት እንዳይነሣኝ፣ ጫማው በሚቀጥለው መንገደኛ ይላክለታል። ለትንሿ እምነት ሹራቡን ሰርካለም ይዛላታለች፣ ከሰፋት ለከርሞ ይሆናታል። እንዳልክ እጅ ነሥቷል። እትዬ ሮማን ማልደው ኪዳን ሲያስደርሱ ሔርሜላን በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ሥላሴ ብለው ያሳስቡልኝ። የምታድርበትን ቦታ ስም መናገር ክልክል ነው ብላናለች፤ እኛ ባናውቀውም ፈጣሪ አያጣትም።

እህትዎ የምሥራች
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም.