ከመስኮትዎ ፊት ለፊት ስለተሰጣው አንሶላ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በዚህ ግቢ ጤና ከተገኘ ምናልባት እርስዎ ዘንድ ነውና።

እኔ በልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ያጠብኩ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በእንግሊዝኛ የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ከአፍ መፍቻዬ ሌላ ለማላነብ ለእኔ በባዕድ ቋንቋ ተግሣጽ መላክዎ ምን ያህል እንዳከበሩኝ ያሳያልና አመሰግናለሁ።

አስተማሪ ልጄ ስታነብልኝ ጥፋቴ አንድ ቃል ሆኖ ተገኘ፤ ድርጊቴ «ኮንስፒኪዩስ» ነው ይላል። ትርጉሙን ብጠይቃት፣ ሳይፈልጉት ዓይን ውስጥ የሚገባ፣ ከሌላው ተለይቶ ጎልቶ የሚታይ ማለት እንደሆነ፣ ለነጭ ልብስ እድፍም ለሰው ድፍረትም እንደሚነገር አስረዳችኝ። የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ ደብዳቤው አይለይምና የሆነውን እኔው ላስታውስዎ።

አንደኛ፣ የውኃ ማሞቂያችን ከተበላሸ አራት ወር ሆኖት ነበር። ስድስት ጊዜ አመለከትን፤ ማመልከቻዎቻችን ግን ጎልተው አልታዩም። የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አንሶላ በቀዝቃዛ ውኃ እያሸን ከነደሙ መለስነው።

ሁለተኛ፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች አንዲት አራስ በዚያ አንሶላ ተኛች፤ በአምስተኛው ቀን ቁስሏ አመረቀዘ። እናቷ አንሶላውን ተሸክመው መጡና፣ ሳይቆጡ፣ «እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ይኼን ለልጅሽ ታነጥፊላት ነበር?» አሉኝ። አንሶላውን ተቀበልኳቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ከስድስተኛው ማመልከቻ በኋላ በዘለቀው ዝምታችን ግን የሰው ገላ መገለ።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ አንድ አንሶላ ከመስኮትዎ ፊት ለፊት ባለው አጥር ላይ አሰጣሁ። ጠያቂው፣ ሐኪሙ፣ ሾፌርዎ ሳይቀሩ ቆመው አዩ። አራት ወር የጠፋው ጠጋኝ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። አራሷም ድና ልጇን ታቅፋ ወጣች።

ሦስተኛው፣ በዚሁ ሰበብ ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን መዛወሬ ነበር፤ ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመ እግሬ ወንበር ስላገኘ ቅሬታዬን ወደ ምስጋና ለውጫለሁ።

ጥፋቴን አምኜ እንድፈርም ያዘዙኝን ወረቀት ግን አልፈርምም። ማሞቂያው ዳግም ቢበላሽ አጥሩ እዚያው ነው፤ ባልደረቦቼም መንገዱን አውቀውታል።

ለእርስዎ ካለኝ ወሰን የለሽ አክብሮት ጋር፣
እጇ በበረኪና የነጣ አጣቢዎ

ማስታወሻ፦ ልጄ እንደምትለው ያ ቃል መገኘት ሲገባው ባለመገኘቱ ለሚታወቅ ሰውም ይነገራል። አራሷ በትኩሳት ስታቃስት በሰነበተችበት ክፍል ሥራ አስኪያጁ ብቅ ብለው ያውቁ እንደሆነ ነርሶቹን ጠየቅኳቸው። በመቅረት እንደ እርስዎ ጎልቶ የታወቀ ሰው አልነበረም አሉኝ።