የከድር ልብሶች በጆንያው ውስጥ

እሑድ፣ ነሐሴ 5፣ መቱ

ዛሬ የቦክስ መለማመጃ ጆንያዬን እንደገና ሞላሁት። ባለፈው ከቡና መፈልፈያው ያመጣሁትን ገለባ ጠቅጥቄበት ነበር። የመቱ ክረምት መች ይምራል፤ ገለባው እርጥበቱን ጠጥቶ ሻገተ። ወንድሜ ከድር ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። ቦክስ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ «ጨርቅ ነው የሚሞላው» ይለኝ ነበር። በበረሃ በኩል ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ከመተማ አንዴ ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

ጨርቅ አጣሁ ብዬ ሳጉረመርም እናቴ ጓዳ ገብታ የእሱን ልብሶች ታቅፋ ወጣች። ሻጋታ እንዳይበላቸው በየወሩ የምታጥባቸውን።

«ያው ጨርቅ አይደል» አለችኝ፤ ፊቷን ግን አዞረች። ሹራቡን መጠቅጠቅ ከበደኝ።

ጆንያውን የበረንዳው አግዳሚ እንጨት ላይ ሰቅዬ አንዴ ብመታው ተወዛወዘ። ድሮ ስመታ ከወዲያ በኩል ይዞ የሚያቆምልኝ ከድር ነበር። እናቴ ይህን ታውቃለች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ መጣችና ጆንያውን ከወዲያ በኩል አቀፈችው። ጉንጯን አስደገፈችበት።

«በል፣ ምታ» አለችኝ።

እጄን ማንሳት አቃተኝ። እሷም አልለቀቀችውም።